አስመሳይ ዕቃና የገዢው ድርሻ



በኦሪት ዘዳግምና በመጽሐፈ ምሳሌ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የተጻፈውን በየጉባኤው ሰምተነዋል። ነቢዩ አሞጽም የስንዴውን ግርድ ለድኻ የሚሸጡትን አጥብቆ ይወቅሳል። ዳሩ ግን ይህ ተግሣጽ ሲነበብ ወደ ሻጩ ብቻ እንጠቁማለን፤ ገዢው ነፃ የወጣ ይመስለናል።

አስመሳይ ዕቃ ሁሉ ጉዳቱ እኩል አይደለም። የታወቀ ፋብሪካ ስም በሐሰት የተለጠፈበት ጫማ አንድ ክረምት ሳይሞላው ሶሉ ቢላቀቅ የሚጠፋው ገንዘብ ነው (ጓደኞቻችን እንዲያዩልን ብለን ለገዛነውማ ማን ያዝንልናል!)። ሙዝ የተቀላቀለበት ቅቤና የሸክላ ዱቄት የገባበት በርበሬ ግን ወደ ሆድ ይገባሉ። ከሁሉ የከፋው መድኃኒት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት፣ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከየሱቁ የተገዙ 104 የአርቴሱኔት የወባ መድኃኒት ናሙናዎች ተመርምረው በ38 በመቶው ውስጥ አርቴሱኔት የሚባል ነገር ጨርሶ አልተገኘም። በአንዳንድ አስመሳይ የአርቴሱኔት ክኒኖች ውስጥ ፓራሲታሞል ተገኝቶ ያውቃል። የዚህን ተንኮል ጥልቀት አስተውሉ፤ ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ቤተ ሰቡም በሽተኛው ተሻለው ብሎ እፎይ ይላል፣ ወባው ግን በደሙ ውስጥ መራባቱን አያቆምም። ጥቂት እውነተኛ መድኃኒት ብቻ የገባበት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ተውሳኩን ሳይገድል ስለሚያለማምደው፣ ነገ ትክክለኛውን የሚውጠው ሰው ሳይቀር ፈውስ ሊያጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም አስመሳይ እንደሚሆን ገምቷል።

እንግዲህ ከመንገድ ዳር መድኃኒት የሚገዛ ሰው የራሱን ሕይወት ብቻ አይደለም የሚያስይዘው። ብዙ ጊዜ የሚውጠው ልጁ ነው፤ ልጁም አልመረጠም።

«ድኻ ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ስሙ ያልታወቀ መድኃኒት ሁሉ አስመሳይ አይደለም። የፈጠራ መብቱ ዘመን ያለፈበትን መድኃኒት ሌሎች ፋብሪካዎች በሕግ ተፈቅዶላቸው በዝቅተኛ ዋጋ ይሠሩታል፤ በውስጡ ያለው ፈዋሽ ንጥረ ነገር ያው ነው። ስለዚህ ዋጋው የከበደው ሰው ወደ ጉሊት ከመሄዱ አስቀድሞ ፈቃድ ያለውን የመድኃኒት ቤት ባለሙያ «በሌላ ስም የሚጠራ፣ ረከስ ያለ አለን?» ብሎ ይጠይቅ። ሲገዛም የማብቂያ ቀኑንና የምርት ቁጥሩን ይመልከት፤ በካርቶኑና በውስጡ ባለው ማሸጊያ ላይ ያሉት ካልተመሳሰሉ አይውሰደው። ባዶውን ካርቶንና ብልቃጥም ቀድዶና ሰብሮ ይጣል፤ ደህናው ዕቃ ለአስመሳዩ ሥራ ይውላልና።