ስለ መልካም ቡናና ስለ ዋጋው

ሐርላ ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ መንደር ናት። የጥንት ሐርላ ግን መንደር ሳትሆን የንግድ ከተማ ነበረች። የእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ጋራ ሆነው መሬቱን ቈፍረው፥ በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፥ የግብፅ ገንዘብ፥ የቻይና ሸክላና ከሩቅ ባሕር የመጣ ዛጎል እንዳገኙ በ2009 ዓ.ም. አስታወቁ። የመንደሩ ሰዎች ስለ ትልልቆቹ የሕንፃ ድንጋዮች ሲናገሩ፥ በዚያ የኖሩት ረጃጅም ኃያላን ነበሩ ይላሉ፤ ሊቃውንቱ ግን የተራ ሰው አጽም እንጂ የኃያላን አጽም አላገኙም። መሸጥና መለወጥ ግን በዚያ ስፍራ የትናንት ሥራ አይደለም።

ዛሬ በሐርላም ሆነ በድሬዳዋ ቡና የማይፈላበት ቤት ጥቂት ነው። ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ የሚያህለውን ራሷ ትጠጣዋለች። ይሁን እንጂ የተመረጠው ቡና ብዙ ገንዘብ ያመጣልና ወደ ባሕር ማዶ ይሄዳል። መንግሥትም ለውጭ አገር ንግድ የሚበቃው ቡና በአገር ውስጥ ገበያ እንዳይሸጥ በሕግ ሲከለክል ኖሯል፤ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቡና ጥራት ቁጥጥርና ግብይት አዋጅ ከእነዚያ ሕጎች አንዱ ነበረ። ስለዚህ ለቤቱ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከለቀማ የተረፈውን፥ የተሰበረውን፥ የጠቈረውንና ተባይ የበላውን ነው። ይህም ያሳዝናል፤ ቡናውን ተክሎ የሚያሳድገው የገዛ አገሩ ሰው ነውና። ቢሆንም መርምሮ ለሚገዛ ሰው መልካም ቡና በመጠነኛ ዋጋ ፈጽሞ አይጠፋም።

የሐረርጌ ቡና ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አርቱር ራምቦ የተባለ ፈረንሳዊ ባለቅኔ በ1873 ዓ.ም. ሐረር የገባው ቡናና ቆዳ ለሚነግድ ቤት ተቀጥሮ ነበር። በዚያ ዘመን ቡናው በግመል ተጭኖ ወደ ባሕር ዳርቻ ይወርድ ነበር፤ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ግን ሸክሙ ከግመል ወደ ባቡር ተዛወረ። በገለምሶ፥ በበደኖና በሌላውም አውራጃ ያለው ገበሬ እሸቱን ለቅሞ በውኃ ሳያጥብ ከነገለባው በፀሐይ ያደርቀዋል። እንዲህ የደረቀው ጀንፈል ይባላል። ገለባው ሲወልቅ የሚታየው ፍሬ ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ፥ መልኩም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው።

አባቷ የሞተባት አንዲት የሐርላ ልጅ እናቷ ልካት ወደ ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ወረደች እንበል። በቤት ለቅሶ ደራሽ ይመጣል፤ ቡና ሳይጠጣ የሚሄድ ሰው ቢኖር እናቲቱ ታፍራለች። ገንዘቡ ግን ጥቂት ነው። ልጅቱ በመጀመሪያ ያየችው ተፈጭቶ በላስቲክ የታሰረ ቡና ነበር፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ገና እጇን ሳትዘረጋ አንዲት ጥሬ ቡና የምትሸጥ አሮጊት ጠራቻት።

«ልጄ፥ የተፈጨውን ማን ያውቀዋል? የተቈላ ገብስ ወይም ሽምብራ ቢቀላቀልበት በዓይን አይለይም። ጥሬውን ግዢ፤ ጥሬው አይዋሽም።»

«እማማ፥ ታዲያ ይኸኛው ጥሬ ከዚያኛው ስለ ምን ረከሰ?»

«አንድ እፍኝ ዝገኚና እዪው። በዓይንሽ ብቻ አትግዢ፤ አፍንጫሽና ጥርስሽም ይግዙልሽ።»

ልጅቱ ዘገነች። በርካሹ ውስጥ ጥቁር ፍሬ፥ ቀዳዳ ያለው ፍሬ፥ ስባሪና ጠጠር አየች። አሸተተችው፤ የእርጥብ ጆንያ ሽታ አለው። አንዱን ፍሬ ነከሰችው፤ የጥርሷ ምልክት ቀረበት። በደንብ የደረቀ ቡና ግን ጠንካራ ነው፤ ጥርስ በቀላሉ አይገባበትም። እርጥብ ቡና ሁለት ጉዳት አለው፤ አንደኛ ገዢው ከቡናው ጋራ ውኃ ይመዘንለታል፤ ሁለተኛም በቤት ሲቀመጥ ይሻግታል።

ሒሳቡም እንዲህ ይታሰባል። ለስሌት እንዲያመች የርካሹ አንድ ኪሎ 80 ብር፥ የመልካሙ 100 ብር ነው እንበል። ከርካሹ ተለቅሞ የሚጣለው 300 ግራም ቢሆን 700 ግራም ይቀራል፤ እንግዲህ 100 ግራሙ ከ11 ብር በላይ ወጣበት። ከመልካሙ የሚጣለው 50 ግራም ቢሆን 950 ግራም ይቀራል፤ የዚህ 100 ግራም 10 ብር ከ53 ሳንቲም ያህል ነው። እንግዲህ ርካሽ የተባለው ውድ ሆኖ ተገኘ። ልጅቱ ሙሉ ኪሎ ልትገዛ አልቻለችም፤ ነገር ግን ከመልካሙ በገንዘቧ ልክ አስመዝና ሄደች።

ዋጋ ከወራቱ ጋራም ይለዋወጣል። በሐረርጌ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ምርቱ ወደ ገበያ ሲገባ መግዛት ክረምት ጠብቆ ከመግዛት ብዙ ጊዜ ይሻላል። ጉልበት ያለው ቤተ ሰብ ደግሞ ጀንፈል ገዝቶ በሙቀጫ ወቅጦ በሰፌድ ያበጥረዋል። ከ2 ኪሎ ጀንፈል 1 ኪሎ ያህል ፍሬ ይወጣል። ገለባውም አይጣልም፤ በሐረር ከወተት ጋራ አፍልተው ይጠጡታል፥ ስሙንም ሆጃ ይሉታል። የቡናው ቅጠል እንኳ ደርቆና ታምሶ ይፈላል፤ ይህ ደግሞ ቁቲ ይባላል።

ገዢ ሁሉ ዋጋው እንዲቀንስለት ይወዳል። ነገር ግን ገበሬው የድካሙን ዋጋ ካጣ ቡናውን ነቅሎ ጫት ይተክላል፤ በሐረርጌ አያሌ ገበሬዎች እንዲህ አድርገዋል። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀም ጫት ግን በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቈረጣልና፥ ልጆቹን የሚመግብ ሰው ስለዚህ ሊወቀስ አይገባውም። መልካም ቡና አምጥቶ ለሚሸጥ ገበሬ ተገቢውን ዋጋ መክፈል ለሚመጣው ዓመት ቡና እንደ መትከል ነው።

ቡና ከተገዛ በኋላም በቤት ይጠፋል። ጥሬ ቡና በደረቅ ስፍራ በጨርቅ ከረጢት ቢቀመጥ ብዙ ወር ይቈያል፤ ነገር ግን ሽታ ይስባልና ከሳሙና፥ ከበርበሬና ከላምባ ጋራ አይቀመጥም። የተቈላ ቡና በጥቂት ሳምንት ውስጥ መዓዛው ይደክማል፤ የተወቀጠው ግን በጥቂት ቀን። ስለዚህ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መቍላት ይሻላል። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቈላ ከ800 እስከ 850 ግራም ያህል ይሆናል፤ እጅግ ከጠቈረ ከዚህም ያንሳል። ተቈልቶ የሚሸጥ ቡና እንደ ከሰል ቢጠቍር መጠርጠር ይገባል፤ የመጥፎ ፍሬ ጣዕም በቃጠሎ ይሸፈናልና።

ቡናው ተለቅሞ፥ ታጥቦ፥ በብረት ምጣድ ላይ በለዘብታ እሳት ሳይቋረጥ እየታመሰ ይቈላል። እሳት የበዛበት ፍሬ ላዩ ተቃጥሎ ውስጡ ጥሬ ይሆናል። ከዚያ ተወቅጦ ውኃው በፈላ ጀበና ውስጥ ይጨመራል፤ ከፈላም በኋላ አተላው እስኪወርድ ጥቂት ያርፋል። ጀበናው ሳይዘቀዘቅ በዝግታ የሚቀዳውም አተላው ወደ ሲኒው እንዳይመጣ ነው። መጀመሪያ የሚቀዳው አቦል ነው፤ በዚያው አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚፈላው ሁለተኛው ቶና፥ ሦስተኛው በረካ ይባላል። በመልካም ቡና ቶናው ደኅና ጣዕም አለው፤ በመጥፎ ቡና ግን ከአቦሉ በኋላ የሚቀረው ቀለም ብቻ ነው። በብዙ ቤት በረካው ስለ ቀጠነ ለልጆች ይሰጣል።