ኋላ የተጻፈ መጀመሪያ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ «ቀዳሚ ታሪክ» ነው። ይኼ ማለት ኋላ ተጽፎ፣ በፊት የሆነውን የሚተርክ መጽሐፍ ነው።

ሲ. ኤስ. ሉዊስ የተባለው ደራሲ ናርኒያ ስለምትባል የምናብ አገር 7 መጻሕፍት ጽፏል። በ1950 እ.ኤ.አ. በወጣው በመጀመሪያው ልጆች በቁም ሣጥን ገብተው ናርኒያ ይደርሳሉ። ጫካው መሃል የመንገድ መብራት ቆሟል! ማን ተከለው?

መልሱ የመጣው በ1955 በወጣው በ6ኛው መጽሐፍ ነው። ስሙ «የአስማተኛው የእህት ልጅ» ቢባል ይሆናል። (በእንግሊዝኛው የእህት ይሁን የወንድም አይለይም፤ አስማተኛው ግን የእናቱ ወንድም ነው።) ጠንቋይዋ ከለንደን መብራት የሰበረችውን ብረት አንበሳው ላይ ወረወረች። መሬቷ ገና አዲስ ስለነበረች ብረቱ እንደ ዘር በቀለ።

ዋናው ጉዳይ ግን የዲጎሪ ነው። እናቱ በጠና ታማለች። አንበሳው ፖም አምጣልኝ ብሎ ላከው። ጠንቋይዋ ደግሞ «ሰርቀህ ለእናትህ ስጣት፣ ትድናለች» አለችው። እናንተ ብትሆኑስ? ዲጎሪ እያዘነ ቃሉን ጠብቆ ለአንበሳው አደረሰ። ከዚያ በኋላ አንበሳው ራሱ ፖም ሰጠው፣ እናቱም ዳነች። ከፖሙ እንብርት የበቀለው ዛፍ በነፋስ ሲወድቅ ቁም ሣጥን ተሠራበት።

ዛሬ ይኼን መጽሐፍ 1ኛ ብለው የሚያትሙ አሉ። እኛ ግን የ1950ውን አስቀድሙ እንላለን። እንቆቅልሹ ሳይጠየቅ መልሱ ቢነገር ምን ይጣፍጣል? ቁም ሣጥኑ ያለበት ቤት ባለቤት ሽማግሌው ፕሮፌሰር ማን እንደሆኑ ግን አንብባችሁ ድረሱበት።