የክብር ማኅበር አባልነት ዩኒቨርሲቲ ያስገባልን?



ባለፈው ሰሞን አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከጉና ተራራ ሥር ተነሥቶ ደብረ ታቦር ድረስ መጣና አንድ ደብዳቤ አሳየን። ደብዳቤው ዶላር ከፍሎ የአንድ የክብር ማኅበር አባል እንዲሆን ይጋብዘዋል፤ አባልነቱም አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እንደሚረዳው ይነግረዋል። አባቱ ለዚሁ ሁለት በግ ሊሸጡ ቈርጠዋል። «ልክፈል ወይስ ልተው?» አለን። ጥያቄው የብዙ ታናናሾቻችን ስለ ሆነ መልሳችንን እዚህ ላይ እንጽፋለን።

በመጀመሪያ፣ በአገራችን ትምህርት ሚኒስቴር ተማሪን ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመድብ መሠረቱ የብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው፤ የክብር ማኅበር አባልነት አይቈጠርም። ፈተናው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ ለዚህ በር ቍልፉ ጥናት ነው።

ሁለተኛ፣ በአሜሪካ ዋናው የሁለተኛ ደረጃ የክብር ማኅበር የተመሠረተው በ1921 እ.ኤ.አ. ሲሆን የሚጠይቀው አራት ነገር ነው፤ ይኸውም ትምህርት፣ አገልግሎት፣ መሪነትና ጠባይ። አባል የሚመርጠውም ተማሪውን የሚያውቀው የራሱ ትምህርት ቤት የመምህራን ጉባኤ ነው። ይሁን እንጂ አባላቱ እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ ስሙ ብቻ ከሌላው አመልካች አይለይም። መርማሪዎቹ አስቀድመው የሚያዩት የክፍል ውጤትንና የትምህርቱን ክብደት ነው፤ ቀጥሎም ተማሪው በእርግጥ ምን እንደ ሠራ ይጠይቃሉ።

ከዚህ ላይ ልናስተውል የሚገባን ነገር አለ። «ኮመን አፕ» በሚባለው የጋራ ማመልከቻ 5 ሽልማቶችና 10 ተግባራት ይመዘገባሉ፤ ከተግባራቱም ዓይነቶች አንዱ የቤተሰብ ኀላፊነት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ያ ልጅም ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ወራት ከብት እየጠበቀ ታናናሾቹን ፊደል አስቈጥሯል፤ ነገር ግን ይህ የሚጻፍ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረውም። ስንት ልጅ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ወር ብሎ በእውነት ቢጽፈው በገንዘብ ከተገኘ ስም ይበልጣል።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ትምህርት አይደለም። ድጓ የተማረ ሰው ወደ ጋይንት ወርዶ በቤተ ልሔም ያስመሰክራል፤ ምስክርነቱንም የሚያገኘው በመምህሩ ፊት ዜማውን አሳይቶ እንጂ ከፍሎ አይደለም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው። የገዛ መምህራንህ ቢመርጡህ ክብሩን በደስታ ተቀበል፤ የማያውቅህ ሰው ገንዘብ ቢጠይቅህ ግን ተው። ከክበብ ሁሉ ስም ከመቍጠር አንዱን ሥራ ይዘህ ዘልቀህ ሥራ።

ልጁም ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ በጎቹ ሳይሸጡ ለመድረስ ማልዶ ወደ አገሩ ተመለሰ።