ጥድዎ ቡናማ ሲሆን፦ ቆራጭ ከመጥራትዎ በፊት

ባለፈው በጋ ጎረቤቴ ከአጥራቸው ጥግ የነበሩትን ሦስት የፈረንጅ ጥዶች «ደርቀዋል» ብለው አስቆረጡ። የተጋደመውን ግንድ ቅርፊት በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ዛፎቹ ታመው ነበር እንጂ አልሞቱም። ለዓመታት የተደከመበት ጥላ በአንድ ቀን ሄደ። እርስዎም እንዳይቆጭዎ መጀመሪያ ይህንኑ ያድርጉ፤ ከየአቅጣጫው ቅርንጫፍ እየያዙ ቅርፊቱን በጥፍርዎ ይፋቁ። አረንጓዴ ካዩ ሕይወት አለው። ደረቅና ቡናማ ከሆነ፣ ሲያጥፉትም ቀጭ ካለ፣ ያ ቅርንጫፍ አልቆለታል።

ቀጥሎ ቡናማው ከየት እንደጀመረ ይመልከቱ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጫፉ ለምለም ሆኖ ግንዱ አጠገብ ያለው አሮጌ ቅጠል ብቻ ከረገፈ እርጅና ነው፤ ምንም አይንኩት። ግን አይቸኩሉ፣ ክሽክሽ የሚባለው ተባይም የሚጀምረው ከውስጥ ነው። ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገው ቀንበጡን በቅርብ ይዩት። ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ አመድ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ቡናማ ነፍሳት ተደርድረው ካገኙ፣ እጅዎ ላይ ማር መሰል ነገር ከተጣበቀ፣ ቅጠሉም ጥቀርሻ ከለበሰ፣ የጥድ ክሽክሽ ነው። ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ ማየትም አንድ ምልክት ነው። ይህ ተባይ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ማላዊ፣ በ1990 ኬንያ ገብቶ የፈረንጅ ጥድ ደን አውድሟል፤ የሐበሻ ጥዳችንንም አይምርም።

እጅዎ የሚደርስበት አጥር ከሆነ በኃይል በሚወጣ ውኃ ይጠቡት። ከዚያ በአንድ ሊትር ውኃ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ያልበለጠ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ሞክረው፣ በማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ነፍሳቱ ያሉበትን ቀንበጥ ይርጩ። በሳምንቱ ይድገሙት። «ሁሉን ይገድላል» የሚባል መርዝ ግን አይግዙ፤ ክሽክሹን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ንቦችንም ይጨርሳል። ማላዊና ኬንያ ተባዩን ለመግታት የተጠቀሙት ክሽክሹ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል ትንሽ ተርብ ነበር። ረጅም ዛፍ ከሆነ የወረዳዎን የግብርና ባለሙያ ይጥሩ።

አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ደርቆ፣ የተሰነጠቀ ቅርፊቱ ሙጫ የሚያወርድ ከሆነ የፈንገስ ቁስል ሊሆን ይችላል። ከቁስሉ በታች ጤነኛው እንጨት ድረስ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ይቁረጡት፤ መቀሱን በየቁርጡ በአልኮል ይጥረጉ።

ዛፉ ከጫፍ እስከ ታች አንድ ላይ ከገረጣ ግን ላይ ላዩን አይፈልጉ፣ ችግሩ ሥሩ ጋ ነው። በቅርቡ ሲሚንቶ አፍስሰዋል? የቧንቧ ቦይ አስቆፍረዋል? ግንዱ ሥር አፈር ከምረዋል? ክረምት ላይ ውኃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር ነው? አፈሩን ዝቅ ያድርጉ፣ ውኃው የሚወጣበት ይክፈቱለት። በጋ ላይ ደግሞ ግንዱ ሥር ሳይሆን ቅርንጫፉ በሚያጠላበት ዳርቻ፣ በሳምንት አንዴ በደንብ ያጠጡት። ከግንዱ ግርጌ ቅርፊት ሥር የእንጉዳይ ሽታ ያለው ነጭ ስስ ሽፋን ካገኙ የሥር አበስባሽ ፈንገስ ነው። ለዚህ የሚረጭ መድኃኒት የለም፤ ዛፉ በነፋስ ቤት ላይ እንዳይወድቅ መቆረጥ አለበት፣ ሥሩም ተነቅሎ ይውጣ። የሐበሻ ጥድ ከሆነ አስቀድመው የወረዳዎን ፈቃድ ይጠይቁ።

«ከርክሜ ላድሰው» ካሉም አንድ ነገር ይያዙልኝ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን ቅጠል አልባ እስከሆነው አሮጌ እንጨት ድረስ ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም።