የፍራፍሬ ንግድን ለተመጋቢው ፈቃድ ስለ ማስማማት

በታች ጋይንት ወረዳ የሚገኘው የዐርብ ገበያ ከተማ ስሙን ያገኘው ገበያው ከሚውልበት ቀን ነው። ጤፍና ባቄላ እስከሚመጣው ዐርብ ድረስ በጎተራ ሊቈይ ይችላል፤ ቅዳሜ የበሰለ ፍሬ ግን ዐርብን አይጠብቅም። የፍራፍሬ ነጋዴ ኪሣራ በብዛት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ገበያው በሳምንት አንድ ቀን ሲውል ፍሬው በየቀኑ ይበስላል።

የአገሩ ምድር ከደጋው ተነሥቶ እስከ በሽሎ ቈላ ስለሚወርድ ልዩ ልዩ ፍሬ ለማብቀል ይመቻል። ነገር ግን ነጋዴው እንደ ልማዱ ገበሬው ያመጣለትን ገዝቶ፣ በማዳበሪያ ጠቅጥቆ፣ ተመጋቢውን በመጨረሻ ያስባል። አዲሱ አሠራር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ተመጋቢው ምን ዓይነት ፍሬ፣ በምን መጠን፣ በየትኛው ቀን እንደሚፈልግ መጠየቅና ከዚያ ወደ ዛፉ መመለስ ነው።

፩ኛ፤ የፍሬውን ጠባይ ማወቅ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ ከተቈረጡ በኋላ ይበስላሉ። ብርቱካን፣ ሎሚና መንደሪን ግን ከተቈረጡ በኋላ ጣዕማቸው አይሻሻልም፤ ስለዚህ ሳይደርሱ ሊለቀሙ አይገባም። አቮካዶ ደግሞ በዛፉ ላይ ሳለ አይለሰልስም፤ መለስለስ የሚጀምረው ከተለቀመ በኋላ ነው። እንግዲህ የደረሰ አቮካዶ ለተወሰነ ጊዜ ዛፉ ራሱ ጎተራ ይኾነዋል ማለት ነው። በደብረ ታቦር የሚገኝ ባለሱቅ የሚፈልገውን መጠን አስቀድሞ በስልክ ቢያዝ፣ ገበሬው የታዘዘውን ብቻ ለቅሞ በነፋስ መውጫ በኩል ሊልክለት ይችላል።

፪ኛ፤ እንደ ብስለቱ መለየት። በአሜሪካ በካሊፎርንያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ የአቮካዶ ነጋዴዎች ፍሬውን ኤቲሊን በተባለው ጋዝ አለስልሰው ለሱቆች ማቅረብ ጀመሩ፤ ገዢው ለዚያው ምሽት የሚበላውን ስላገኘ ሽያጩ አደገ። በትንሽ ሱቅ ይህን ለማድረግ ጋዝ መግዛት አያስፈልግም። የበሰለ ሙዝ ያንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ጠንካራው አቮካዶ ከእርሱ ጋር በአንድ ሣጥን ቢቀመጥ ቶሎ ይለሰልሳል። ባለሱቁ ፍሬውን «ለዛሬ»፣ «ለከነገ ወዲያ»፣ «ለሳምንት» ብሎ በሦስት ቅርጫት ቢለይ፣ ገዢው እየጨመቀ አይፈትንም፤ በመጨመቅ የሚበላሸውም ይቀንሳል።

፫ኛ፤ አያያዝና ጕዞ። የአርባ ምንጭ ሙዝ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ የሚደርሰው በአረንጓዴነቱ ተቈርጦ ነው። በመንገድ የደረሰበት ጕዳት በጥሬነቱ ባይታይም ሲበስል ይጠቍራል። ቅዝቃዜም ልክ አለው፤ ሙዝ ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቢቀመጥ ልጣጩ ይጠቍራል፤ ስለዚህ ማቀዝቀዣ ለኹሉ ፍሬ መድኃኒት አይደለም።

ስሌቱ ለምሳሌ እንደሚከተለው ነው። አንድ ነጋዴ 100 ኪሎ ፍሬ በ6,000 ብር ገዝቶ ለማጓጓዣ 1,000 ብር ቢከፍል ጠቅላላ ወጪው 7,000 ብር ነው። በመንገድና በሱቅ 30 ኪሎ ቢበሰብስበት፣ የቀረው እያንዳንዱ ኪሎ 100 ብር ይወድቅበታል። ለሣጥንና ለለቀማ 560 ብር ጨምሮ ብልሽቱን ወደ 10 ኪሎ ቢያወርድ፣ ኪሎው 84 ብር ብቻ ይወድቅበታል። ኪሎውን 110 ብር ቢሸጥ፣ በፊተኛው አሠራር 700 ብር፣ በኋለኛው 2,340 ብር ያተርፋል።

፬ኛ፤ ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ። በመራዊ አጠገብ ባለው በቆጋ መስኖ የሚመረተው ሐስ የተባለው አቮካዶ በማቀዝቀዣ ኮንቴይነር በጅቡቲ ወደብ በኩል ወደ አውሮፓ ተልኳል። ዘሩ የተመረጠው ሩቅ ያለው ተመጋቢ የሚፈልገው እርሱን ስለ ኾነ ነው፤ የሚለቀምበትም ቀን ከመርከቡ ጕዞ ጋር ይሰላል። ለሮተርዳም ገዢ የተደረገው ይህ ጥንቃቄ ለደብረ ታቦርና ለባሕር ዳር ገዢም የማይደረግበት ምክንያት የለም።

በዐርብ ገበያ ያለ ነጋዴ ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው ጥቂት ሣጥን፣ አንድ ስልክና ከገበሬው ጋር የታመነ ስምምነት ነው። ፍሬው ዐርብን ባይጠብቅም፣ ለቀማው ግን ለዐርብ ሊሰናዳ ይችላል።