ትምህርት 21፦ የዝናብ መጥረጊያው ለምን ቆመ? (ምክንያትን የሚመረምር ድርሰት)

ባለፈው ትምህርት የአንድን ሥራ ሂደት በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። አሁን የምትማሩት ከዚያ ጋር የሚቀራረብ፣ በአስተሳሰቡ ግን የሚለይ ድርሰት ነው፤ ይኸውም የአንድን ብልሽት ምክንያት ደረጃ በደረጃ የሚመረምር ድርሰት ነው። ሂደትን የሚያስረዳ ጸሐፊ መንገዱን ከመነሻው እስከ መድረሻው ያውቀዋል፤ የሚመረምር ጸሐፊ ግን መድረሻውን ገና እየፈለገ ነው። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሮቹን ሁሉ በ«ነው» ሊያስር አይችልም፤ «ቢሆን»፣ «ከሆነ»፣ «ቢሆን ኖሮ» ያስፈልጉታል።

አንድ ሹፌር በክረምት ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲጓዝ ጣርማ በር ላይ ዝናብና ጭጋግ ያዘው እንበል። የመጥረጊያውን ማብሪያ ቢነካ መጥረጊያው አልንቀሳቀስ አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው «ሞተሩ ተቃጥሏል» አለው። ይህ ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ ባለቤትም ማሰሪያ አንቀጽም አለው። ጉድለቱ ሌላ ነው። ተናጋሪው ያየው የመጥረጊያውን መቆም ብቻ ሲሆን የተናገረው ግን ያላየውን ነው። ሹፌሩ ይህን አምኖ አዲስ የመጥረጊያ ሞተር ቢገዛና ምክንያቱ አንድ የዛገ ሽቦ ሆኖ ቢገኝ፣ ገንዘቡ ይባክናል፤ መጥረጊያውም እንደ ቆመ ይቀራል።

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ምንባቡ የሚናገረው ስለ ቀላሉ ዐይነት መጥረጊያ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት መኪናዎች ብዙዎቹ መጥረጊያውን በኮምፒዩተር ስለሚያዙ የፍተሻው ቅደም ተከተል ይለያል።

«መጥረጊያው እንዲሠራ ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነሥቶ በፊውዙ፣ በማብሪያውና በሽቦው አልፎ ወደ ሞተሩ መድረስ፣ ከዚያም በመኪናው አካል፣ መካኒኮች ማሳ በሚሉት በኩል፣ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ይህ ዑደት አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ ሞተሩ አይዞርም።

ፍለጋው የሚጀምረው ከጆሮ ነው። ቁልፉ ተከፍቶ ማብሪያው ሲበራ የመጥረጊያው ሞተር ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ደርሶታል፤ ጉድለቱ ሞተሩን ከመጥረጊያው ጋር በሚያያይዘው ዘንግ ወይም በላላ ዳዶ ላይ ይሆናል። ፊውዙ ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ባልተሰማ ነበር።

ድምፅ ከሌለ ፊውዙ ይታያል። ተቃጥሎ ከተገኘ በላዩ የተጻፈው መጠን እኩል በሆነ በሌላ ይተካል። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ግን ፊውዙ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም፤ ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ ከመኪናው አካል ጋር ተነካክቶ፣ ወይም መጥረጊያው በጭቃ ተይዞ ሞተሩ ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ ይሆናል። በፊውዙ ምትክ ወፍራም ሽቦ ማሰር ወይም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት መጠቅለል መጥረጊያውን ለጊዜው ሊያስነሣው ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን የሚግለው ሽቦው ነው፤ መኪናውም እሳት ሊይዝ ይችላል።

ፊውዙ ደኅና ከሆነ የ12 ቮልት የመፈተሻ አምፖል ይቀርባል። የአምፖሉ አንድ ጫፍ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል፤ ሌላው ጫፍ ማብሪያው በርቶ ሳለ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ሽቦ ይነካል። አምፖሉ ካልበራ የተቋረጠው ከሞተሩ በፊት ነው፤ ማብሪያውና በመካከል ያሉት መያያዣዎች ይመረመራሉ። ከበራ ግን የሚቀሩት ሁለት ናቸው፤ ማሳውና ሞተሩ ራሱ። ከሞተሩ የማሳ መያያዣ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ አንድ ሽቦ ተዘርግቶ ሞተሩ ከዞረ፣ ጥፋቱ የማሳው ነው፤ የዛገው መያያዣ ተፍቆ ይጠብቃል። እንዲህም ተደርጎ ካልዞረ ያን ጊዜ ሞተሩ ይፈታል፤ ካርቦኑ አልቆ ይሆናል።»

በምንባቡና ከእርሱ በፊት ባነበባችሁት ውስጥ ሦስት ዐይነት የሁኔታ አነጋገር አለ፤ ከእነዚህም ይበልጥ ልናተኩርበት የሚገባው ሦስተኛው ነው። «ካልበራ»፣ «ከዞረ»፣ «ከተገኘ» የሚሉት በ«ከ» የሚጀምሩ ግሦች በፈተና የሚለይ ሁኔታን ያመለክታሉ፤ ከእነርሱም ቀጥሎ የሚደረገው ነገር ወይም ውጤቱ ይመጣል። ቀደም ሲል ያነበባችኋቸው «ቢገዛ» እና «ቢገኝ» ግን ገና ያልሆነን ነገር በግምት ያቀርባሉ። «ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ ባልተሰማ ነበር» የሚለው ከሁለቱም ይለያል። ተናጋሪው ድምፁን ሰምቷል፤ ስለዚህ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ ያቀርብና ውጤቱ ከሰማው ጋር እንደማይስማማ ያሳያል። በዚህም ፊውዙን ከተጠርጣሪዎች መዝገብ ያወጣዋል። አንድን ምክንያት በማስረጃ ለማስወገድ ከዚህ የተሻለ አነጋገር በቋንቋችን ማግኘት ያስቸግራል። «ባልተሰማ ነበር» በማለት ፈንታ «አይሰማም ነበር» ማለትም ይቻላል፤ «አይሰማም» ብሎ ማቆም ግን ስሕተት ነው።

«ይሆናል» እና «ነው» የገቡባቸውን ቦታዎችም አስተያዩ። ካርቦኑ «አልቆ ይሆናል» የተባለው ሞተሩ ገና ስላልተፈታ ነው፤ ጥፋቱ «የማሳው ነው» የተባለው ግን ሽቦው ተዘርግቶ ሞተሩ ከዞረ በኋላ ነው።

ምንባቡ ሆን ተብሎ አንድ ጉድለት ተትቶበታል። የመፈተሻ አምፖል የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞተሩ እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ለማዞር የማይበቃ፣ ግማሽ አካሉ የዛገ መያያዣ እንኳ አምፖሉን ሊያበራው ይችላል። «አምፖሉ በራ» የሚለው የታየ ነገር ነው፤ «ሽቦው ደኅና ነው» የሚለው ግን መደምደሚያ ነው፤ የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ሐሰት ሊሆን ይችላል።

መልመጃ

ሀ. «ከበራ ግን የሚቀሩት ሁለት ናቸው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ጉድለት እንዲቃና አድርጋችሁ ጻፉት። ሦስተኛው ተጠርጣሪ በምን እንደሚፈተሽም አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሩበት። ሞተሩን ከባትሪው ጋር በቀጥታ በሌላ ሽቦ ማገናኘት ምን እንደሚያሳይ አስቡ።

ለ. «ማብሪያው ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ አምፖሉ አይበራም» የሚለው ስሕተት አለበት። አርሙትና ምክንያቱን በቃል አስረዱ።

ሐ. ብዙዎቹ የመጥረጊያ ሞተሮች በውስጣቸው ማብሪያው ከጠፋ በኋላ እንኳ መጥረጊያው ከመስተዋቱ ግርጌ እስኪደርስ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መነካኪያ አላቸው። አንድ መጥረጊያ በደንብ እየሠራ፣ ሲያጠፉት ግን በመስተዋቱ መካከል ይቆማል። ፊውዙን፣ ማሳውንና የሞተሩን ካርቦን በ«ቢሆን ኖሮ» አንድ በአንድ እያስወገዳችሁ፣ የቀረውን ተጠርጣሪ በ«ይሆናል» የሚያመለክት ከ120 እስከ 150 ቃላት ያለው ድርሰት ጻፉ።