መኪናዋ የጋራ፣ ፓርቲው የወንድምሽ

«ይድረስ ለእትዬ፦

የ34 ዓመት ነርስ ነኝ። አባታችን ሲያርፍ የተወልንን ቪትስ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በጋራ እንጠቀማለን፤ ውርሱ ሲዛወር ግን ሊብሬው በኔ ስም ወጣ። ወንድሜ የአንድ ፓርቲ አባል ነው። ቅዳሜና እሁድ ‹ስብሰባ አለብኝ› ብሎ ቁልፉን ይወስዳል። መጀመሪያ ስፖኪዮዋ ሜክሲኮ ላይ በሚኒባስ ተገጭቶ ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ፓራውልቷ ተሰነጠቀ፤ ‹ቆማ ነው የገጯት› አለኝ። እውነቱን የሰማሁት ጋራዥ ነው፦ የነዳት የፓርቲ ጓደኛው ነበር፣ ከፊቱ የነበረውን መኪና ከኋላ ገጭቶ። ስናገረው ‹አንቺ ማማረር ብቻ ነው የምታውቂው፤ እኛ ለአገር እንሮጣለን› አለኝ። በ1997 እናቴ ለመምረጥ በሌሊት ተነስታ ስትሰለፍ አብሬያት ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ያየሁት መታሰርና መከፋፈል ነው። ፓርቲ የሚባል ነገር አንገሽግሾኛል። ልጄንም ‹አድገሽ እንዳትመርጪ› ብያታለሁ። መኪናዋን ሽጠን እንገላገል? ወይስ ከፓርቲው ይውጣ ልበለው?

ግራ የገባት፣ ከገርጂ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ «ሊብሬው በኔ ስም ወጣ» ያልሽው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በቁጥር 2081፣ መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ የነዳው ሰው ያለ ፈቃድ የነዳ ቢሆን እንኳ። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነፃ ይወጣል። እንግዲህ ያ የወንድምሽ ጓደኛ የዚያን ዕለት የገጨው ሰው ቢሆን ኖሮ፣ አንቺ ሆስፒታል ተረኛ ሆነሽ ሳለ ዕዳው ደጅሽ ድረስ ይመጣ ነበር። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግዴታ ስለሆነ ይኖራችኋል። እሱ ግን ለተጎዳው ሰው የሚከፍለው እስከተወሰነ መጠን ነው፤ የራሳችሁን ፓራውልት ደግሞ አይጠግንም። ጓደኛው የጸና መንጃ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው እንኳ አልጻፍሽልኝም። ጠይቂ።

ስፖኪዮውን ይቅር በይው። በሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮን ያቋረጠ ሰው ሚኒባስ እንዴት እየታከከ እንደሚያልፍ ያውቀዋል፤ አንቺም ብትነጂ ሊደርስብሽ ይችል ነበር። ፓራውልቱ ግን ሌላ ነው። ወንድምሽ ዋሽቶሻል። ያንገበገበሽ ውሸቱ ሆኖ ሳለ የተጣላችሁት ግን በፓርቲ ነው። አንቺ ፓርቲውን አነሳሽ፣ እሱም ስለ አገር መለሰልሽ፣ በመሃል ማን ነዳ፣ ማን ዋሸ፣ ማን ይክፈል የሚለው ሳይጠየቅ ቀረ። ስለዚህ ስለ መኪናዋ ስታወሩ ፓርቲ የሚለውን ቃል ከአፍሽ አታውጪ። እሱ ቢያነሳ እንኳ ወደ ፓራውልቱ መልሺው።

መሸጡን አልመክርሽም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ የአንዲት አሮጌ ቪትስ ግማሽ ዋጋ ይዞ ሌላ መኪና ማግኘት ከባድ ነው። በንዴት ሸጠሽ የሌሊት ተራሽ ሲደርስ በምን ልትሄጂ ነው?

ከፓርቲው ይውጣ ማለትም አትችይም። መደራጀት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 የተሰጠው መብቱ ነው፤ አንቺ የማትወጂው መሆኑ አይሽረውም። ለአገር መሮጡ ግን የአባታችሁን መኪና ለፈለገው ሰው ለመስጠት ፈቃድ አይሆነውም። ለስብሰባ የሚመላለስበት ነዳጅም ከራሱ ኪስ ይውጣ።

አሁን ስለ ልጅሽ። መሰልቸትሽን አልነቅፍም። በግንቦት 1997 ያን ያህል ሕዝብ ወጥቶ ከመረጠ በኋላ የደረሰውን ሞት፣ የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት መሪዎች መታሰራቸውን፣ ከተፈቱ በኋላ ደግሞ እርስ በርስ መለያየታቸውን ያየ ሰው ልቡ ቢሰበር ምን ይገርማል? እኔንም እስከ ዛሬ ያመኛል። ቢሆንም እናትሽ በዚያ ሌሊት የቆመችው ማንም ጎትቷት አልነበረም። የልጅ ልጇ ያንን ታሪክ ሙሉውን ልትሰማው ይገባል፦ ተስፋውንም፣ የመጣውንም መከራ። የምትሰማው «እንዳትመርጪ» የሚለውን ብቻ ከሆነ ግን ገና ያልኖረችበትን ዘመን ዘግተሽባታል። 18 ዓመት ሲሞላት ትምረጥም ትተወውም ራሷ ትወስን። እባክሽ፣ ያን ቃልሽን መልሺው።

ከወንድምሽ ጋር ቅዳሜ ሳይደርስ፣ በሥራ ቀን ማታ ተቀመጡ። ሊብሬውን፣ የኢንሹራንሱን ወረቀትና የጋራዡን ሂሳብ ይዘሽ ግቢ። መኪናዋ የእሱም እንደሆነች አስቀድመሽ ንገሪው፤ ውርሱን ልትነጥቂው እንዳልመጣሽ ይወቅ። ከዚያ ከሁለታችሁ በቀር ማንም እንዳይነዳት፣ የገጨ በዚያው ዕለት እንዲናገር፣ ማስጠገኛውንም የነዳው እንዲከፍል ጽፋችሁ ፈርሙ። የፓራውልቱን ሂሳብ ከዚያው ይጀምር። አልፈርምም ካለ እስኪፈርም ቁልፉ አንቺ ጋ ይቆይ። ቢቆጣም ታገሺው፤ በሕግ ፊት የምትጠየቂው አንቺ ነሽ።